ደወል የሌለው መስመር

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና ሁለት ጸሐፊዎች ነበሩ። ወሩ ሲያልቅ ግን አንዲት ጸሐፊ ብቻ እንደምትቀር ለሁለቱም ተነገራቸው። የነገረቻቸው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ናት። ገብታ እንኳ አልተቀመጠችም፤ በሩን በእጇ እንደያዘች፣ «ደብዳቤ በወረቀት መላክ ቀርቷል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ የለም። ሥራችሁን አይተን አንዳችሁን እናስቀራለን» አለችና በቀጭን ተረከዟ ኮሪደሩን እየወጋች ሄደች። ይህችን ሴት ድርጅቱ በሙሉ መርፌ ይላታል። ስትገባም ታሳምማለች፣ ስትወጣም።

ስም ማውጣት የዚያ ቤት ልማድ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ነው፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ በመዝገብ ስሙ የሚታወቅ ሰው የለም። ስብሰባ ላይ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ የሚያንኮራፋው ሥራ አስኪያጅ እንቅልፌ ነው። ሆዱ በሩን ቀድሞት የሚገባው የመጋዘን ኃላፊ በርሜል ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ነገ ና» የሚለው የሽያጭ ኃላፊ ደግሞ ነገ-ና ነው። ስሙ የሚጠራው ታዲያ ባለቤቱ ዞር ሲል ነው። ሁሉም የሌላውን ስም ያውቃል፣ የራሱን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱም «መቼም ለእኔ አልወጣልኝም» ብሎ በሌላው ይስቃል።

ከሁለቱ ጸሐፊዎች ታላቂቱ ቃጭሊት ትባላለች። የራሷን ስም ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ ታናሺቱ ነግራታለች። ስሙ የወጣላት በጽሕፈት መኪናው ደወል ነው። የድሮው መኪና መስመሩ ሊያልቅ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ቅጭል ይላል። ያኔ ጸሐፊዋ የጀመረችውን ቃል ትጨርስና በግራ እጇ ዘንጉን ገፍታ ወደ አዲስ መስመር ትሻገራለች። ቃጭሊት በዚያ ደወል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። መኪናው ተነሥቶ ኮምፒውተር ከመጣም በኋላ ደወሉ ከጆሮዋ አልወጣም። መስመሩ ጫፍ ሊደርስ ሲል ትንሿ ጣቷ ሳታዝዛት ትነሣለች።

ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው እናቷ አልጋ ላይ ስትወድቅ ነው። ከዚያ ከአንድ የጫማ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ቁልፎቹ በጥቁር ወረቀት በተሸፈኑ መኪና ላይ ጽሕፈት ተማረች። ድርጅቱ ሲቀጥራት መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር የያዘችው ሌላ ሴት ነበረች፤ ትልቋ ይሏታል። ትልቋ ሥራውን አንድ በአንድ አሳየቻት፣ አልሰሰተችባትም። አንድ ቀን ትልቋ ለፊርማ የሚቀርብ ውል በአምስት ቅጂ ስታዘጋጅ በወረቀቶቹ መካከል የሚገባውን ካርቦን ገልብጣ አስገባችው። ቃጭሊት አየች። ለመናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ትልቋ ጊዜው መሽቶባት ስለነበር ሳታገላብጥ አሽጋ ሰጠች። በማግስቱ ሰዎቹ ለመፈረም ሲቀመጡ ቅጂዎቹ ፊታቸው ባዶ ሆኖ፣ ጽሑፉ በጀርባቸው ዞሮ ተገኘ። ሳምንት ሳይሞላት ከሥራ ወጣች። ትልቋ ዕቃዋን በፌስታል ስትሰበስብ ቃጭሊት ውኃ በብርጭቆ አመጣችላት። ሴትዮዋ ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ብርጭቆውን መለሰችላት፣ «ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው» አለችና ወጣች። ቃጭሊት መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከተቀመጠች ይኸው ሃያ ሦስት ዓመቷ።

ታናሺቱ ጸሐፊ ሚጢጢ ናት፤ ቁመቷ ከፋይል መደርደሪያው ሦስተኛ እርከን አያልፍም። ከስድስት ዓመት በፊት ያስቀጠረቻት ቃጭሊት ናት። የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ከእኅቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከቃጭሊት ኋላ ተለይታ አታውቅም። ፎቶ ኮፒ ክፍል ብትሄድ ትከተላለች፣ ግምጃ ቤት ብትወርድ ትከተላለች፣ ምሳ ብትወጣ ትከተላለች። «እትዬ፣ ይኼስ? እትዬ፣ ያኛውስ?» ትላለች። ቃጭሊት ልጅ የወለደችው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም አግብታ ሩቅ ሄዳለች። ሚጢጢን ለሰው ስታስተዋውቃት «ልጄ ናት» እያለች ነው።

መርፌ በሩ ላይ ቆማ ከተናገረች በኋላ ግን በክፍሏ ውስጥ ያለው አየር ሌላ ሆነ። ሁለቱም እንደ ድሮው ይሳሳቃሉ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ወደ መስኮቱ ሥር ወንበር ያያሉ።

የመጀመሪያው ዱላ ያረፈው በቃጭሊት ላይ ነው። ለነገ-ና በኮምፒውተር የላከችው ደብዳቤ እንቅልፌ እጅ ገብቶ፣ ታትሞ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰላት። የእንቅልፌ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ «ይህ ደብዳቤ ነው ግጥም?» ቃጭሊት ወረቀቱን ስታየው አፈረች። በእሷ ማሽን ላይ ቀጥ ብሎ የነበረው ጽሑፍ አንዱ መስመር ረጅም፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል ብቻ፣ እንደገና ረጅም፣ እንደገና ሁለት ቃል፣ ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ሆኗል።

የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠራ። አንገቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ገመድ ስለሚያንጠለጥል ገመዶ ይባላል። ከኋላዋ ቆሞ ስትጽፍ አያት።

«እናቴ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ስትደርሺ ምንድነው የምትነኪው?»

«ይህችን ትልቋን ቁልፍ።»

«ለምን?»

«ሲያልቅ ነዋ። ታዲያ ዝም ብዬ ሄጄ ከጠረጴዛው ልውደቅ?»

«ሂጂ፣ አትወድቂም። ማሽኑ ራሱ ያዞረዋል።» ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሯን አይጥ ያዘና ማሽኑ ላይ አንድ ሰሌዳ ከፈተ። «ይኸውልሽ። ፕሮግራሙ ሲልክ በየሰባ ሁለት ፊደሉ መስመሩን እንዲያጥፍ ታዟል። አንቺ ደግሞ በሰማንያው ላይ ታጥፊያለሽ። እሱ በልኩ ያጥፋል፣ ትንሽ ሄዶ ያንቺ ይመጣል። በሁለት መቀስ የተቆረጠ ፀጉር ማለት ነው።»

«የሱን መቀስ ቀማውና የኔን ተውልኝ።»

«የሱ ይሻላል። ያንቺ ያረጀ ነው፣ አይከፋሽ።» ሚጢጢ ሳቀች። ገመዶ ቀጠለ። «ሰባ ሁለቱን አልነካውም። ስትጽፊም እዚያው ልኩ ላይ እንዲታጠፍልሽ ምልክት አደርግልሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምታይው የሚሄደውን ነው። ቁልፏን የምትነኪው አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ።»

የምታይው የሚሄደውን ነው። ይህችን ነገር ቃጭሊት በልቧ ያዘቻት።

ቃል መያዝ ቀላል ነው፣ ጣት መያዝ ነው የከበደው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሿ ጣቷ ዐሥር ጊዜ ተነሣች። በመጨረሻ ሚጢጢ ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አውጥታ ቁልፏ ላይ ለጠፈችላት። «ሻካራው ሲነካሽ ታስታውሻለሽ፣ እትዬ።»

«ለእኔ ቁስል ነው ወይስ ለማሽኑ?»

«ማን ያውቃል፣ ለሁለታችሁም ትበቃለች።»

ፕላስተሯ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ጣቷ ቁልፏ አጠገብ ስትደርስ እንደ ተገሠጸ ውሻ ትመለስ ጀመር።

የቀረው አድራሻው ነበር። አድራሻዎቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ፣ ነጥብና ሰረዝ የበዛባቸው ናቸው፤ ቃጭሊት ከማስታወሻ ደብተሯ እያየች አንድ በአንድ ስትለቅም አንዷን ፊደል ትስታለች፣ ደብዳቤው ይመለሳል። ገመዶ ሌላ ሰሌዳ ከፈተላት።

«እዚህ ላይ አጭር ስም ትሰጫቸዋለሽ። ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ አጭሩን ስም፣ ከታች አድራሻውን። አንዴ ነው የምትጽፊው። ከዚያ ወዲያ አጭሩን ብቻ ስትጽፊ ማሽኑ አድራሻውን ራሱ ያገኘዋል። ሁሉንም በአንድ መጥራትም ትችያለሽ። 'ኃላፊዎች' የምትል እናድርግና ሁሉንም ውስጧ እናስገባቸው፤ እሷን ስትጽፊ ለሁሉም ይሄዳል።»

«አጭር ስም ስትል ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቶሎ የሚመጣልሽን።»

«ሰው ያየዋል?»

«ዝርዝሩ ያንቺ ማሽን ውስጥ ነው። ማን መጥቶ ይከፍተዋል?» ነገ-ና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ማተሚያው ወረቀት በላብኝ እያለ ስለጠራው ገመዶ ገመዱን አንገቱ ላይ አስተካክሎ ወጣ።

ቶሎ የሚመጣላት ምን እንደሆነ ድርጅቱ ውስጥ ለሠራ ሰው መንገር አያስፈልግም። የነገ-ናን የአባት ስም ለማስታወስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ነገ-ና ለማለት ግን ማሰብም የለም። እንቅልፌ ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ የሥራ አስኪያጁን አድራሻ። በርሜል። ነገ-ና። መርፌ። ገመዶ። ደብተሯን እያየች ከታች ያለውን ሦስት ሦስት ጊዜ አመሳከረች። ከላይ ያለውን ማመሳከር አላስፈለጋትም። ከገመዶ በቀር ሁሉንም «ኃላፊዎች» የምትለው ውስጥ አስገባቻቸው።

የሚጢጢ ተራ ሲደርስ እጇ ቆመ። ሚጢጢ ልትል ነበር። ልጄ ልትልም ነበር። ልጅቱ ያን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ፋይል ትደረድራለች፤ ባለፈው ሳምንት መርፌ ዘንድ ገብታ ሩብ ሰዓት ቆይታ ወጥታለች፣ ምን እንዳወሩ አልተናገረችም። ቃጭሊት ጅራቴ ብላ ጻፈች። ከኋላዬ የማትለይ ለማለት ነው። ግማሹ ፍቅር ነበር። ግማሹን እሷም አልመረመረችውም።

«መስመሩን እንሞክረው» አለችና አንድ ገጽ ጽሑፍ ቁልፏን ሳትነካ ጽፋ፣ ለጅራቴ ላከችው። «ደረሰሽ?»

ሚጢጢ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። «ደረሰኝ።»

«እንዴት ነው?»

ልጅቱ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። ከዚያ ጽሑፉን አተመችው፣ ማስመሪያ አውጥታ መስመሮቹ ጫፍ ላይ አደረገች፣ በእርሳስ የሆነ ነገር አሰመረች። ፊቷ አይታይም፤ ፀጉሯ ጋርዶታል።

«ምነው? ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። ቆንጆ ነው፣ እትዬ። መስመሩ ተስተካክሏል።»

ያን ቀን ሚጢጢ ምሳ አልተከተለቻትም። ሆዴን ቆርጦኛል አለች።

ቃጭሊት ማታ ቤት ስትገባ ባሏ እንደወትሮው የፊተኛው ክፍል አልጋ ላይ ተጋድሟል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ወገቡ ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው ሲፈልግ አይጣራም፤ ማንኪያ አንሥቶ ከራስጌው ያለውን ብርጭቆ ይመታል። ውኃ ሲፈልግ ይመታል፣ መጋረጃው እንዲከፈትለት ይመታል፣ ትራሱ ሲንሸራተት ይመታል፣ ዝም ሲለውም ይመታል። ቃጭሊት ቢሮ ስትሆን የሚሰማው የለም። እሁድ እሁድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የዚያ ብርጭቆ ነች።

«ለየላችሁ?» አላት።

«ገና ነው። ማሽኑን ተክኜዋለሁ ግን። መስመሩ ቀጥ ብሏል።»

«አይዞሽ፣ ቢያስወጡሽም አትቸገሪም። እኔ ቋሚ እቀጥርሻለሁ።» ሳቀና ወገቡን አመመው፤ አመመውና ብርጭቆውን መታ።

ማዕድ ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ፣ ስድስቱን ቀን እንደ እሁድ አድርጋ አሰበችው። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ ስታስብ ስለ ሥራ አላሰበችም፣ ስለዚያ ማንኪያ ነው ያሰበችው።

ከሙከራው ሁለት ቀን በኋላ ትልቁ ደብዳቤ መጣ። እንቅልፌ ኃላፊዎቹን በሙሉ ለግማሽ ዓመቱ ስብሰባ ይጠራል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። መርፌ ራሷ ይዛው መጣች። ልዩ ልዩ ጉዳይ የሚለውን አጀንዳ በጣቷ እየጠቆመች ቆይታ፣ በመጨረሻ እንዲህ አለች። «ይህን አንቺ ጻፊው። አይቼሽ ነው የምወስነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወዳንቺ ነው፤ ልምድ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

ቃጭሊት ጻፈችው። አንዲት ስሕተት የለበትም። ጣቷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣችም። ከላይ «ለ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ኃላፊዎች ብላ ጻፈች፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ያው «ኃላፊዎች» የሚለው ቃል ብቻ ነው፣ የምታይው የሚሄደውን ነው። ወደ ሚጢጢ ዞር አለች።

«ነይ እስቲ፣ ዐይንሽን አውሺኝ።»

ሚጢጢ መጣች። ከላይ እስከ ታች አነበበች። ጣቷን አንሥታ ወደ ላይኛው ሳጥን ልትጠቁም ይመስል ዘረጋችውና፣ ማሽኑ ላይ ያለውን አቧራ ጠርጋ መለሰችው።

«ምንም አይወጣለትም» አለች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደብዳቤው ሄደ።

ማሽኑ ግን አጭሩን ስም ውስጡ ደብቆ የሚያስቀር ዓይነት አልነበረም። ሲልክ «ኃላፊዎች» የሚለውን ይፈታዋል፤ በውስጡ ያሉትንም እያንዳንዳቸውን፣ ቃጭሊት ባወጣችላቸው ስም፣ ከነአድራሻቸው ደርድሮ ከደብዳቤው ራስ ላይ ያትማቸዋል። ለሁሉም የሁሉም ስም ደረሰ። እንቅልፌ፣ በርሜል፣ ነገ-ና፣ መርፌ፣ ከዚያ በታች «ክቡራን ኃላፊዎች» የሚል ሰላምታ፣ ከዚያ በታች በሰባ ሁለት በሰባ ሁለት ፊደል የታጠፈ፣ ልክ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ጽሑፍ።

መጀመሪያ የሰማችው ሳቅ ነው። ከሽያጭ ክፍል ፈነዳና ድንገት ተቆረጠ። ነገ-ና በርሜል የሚለው ላይ ሲስቅ ቆይቶ ወደ ታች ወርዶ የራሱን አገኘው። ቀጥሎ የመጋዘን ኃላፊው ለሁሉም የሚደርስ መልስ ላከ። አንድ መስመር ነው፦ «በርሜል ማን ነው?» ከደቂቃ በኋላ ከሽያጭ ክፍል መልስ መጣ፦ «መስታወት ያለው ሰው ዘንድ ሂድ።»

ቃጭሊት ሁለቱን መልሶች ከፍታ፣ ከሥራቸው የተንጠለጠለውን የራሷን ደብዳቤ ራስጌ አየች።  ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች።

መርፌ ያስጠራቻት ከምሳ በፊት ነው። ወትሮ አንቺ ነበር የምትላት።

«ተቀመጡ» አለቻት። «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ስሙን ግን እኔ አላወጣሁትም። ሁሉም ሰው የሚለው ነው።»

«ሁሉም ሰው ማለት ማን ነው?»

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣው እንቅልፌ ነው፤ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ደረጃው ላይ፣ ቃጭሊት እየሰማች። ይህን ብትናገር ማን ያምናታል፣ ብታምናትስ ምን ይጠቅማታል። 

«ደብዳቤው ንጹሕ ነው» አለች መርፌ። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛዋለች። «መስመሩ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ሥራውን ሲሠራ መመስገን አለበት።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«እንቅልፌ ማለት እኔ ነኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«አዎ አልኳቸው። ያልተጠየቅሁትንም ነገርኳቸው፤ ማን እንደጻፈው።» ወረቀቱን አስቀመጠች። «አርብ የመጨረሻ ቀንዎ ነው። ሥራውን ለልጅቱ ያስረክባሉ።»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ገና ወንበሯን ሳትስብ ሚጢጢ ውኃ በብርጭቆ ይዛ አጠገቧ ቆመች። «ጠጪ፣ እትዬ። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ቃጭሊት ብርጭቆውን አየችው። ከብርጭቆው በላይ ልጅቱን አየቻት። እሷ ገና ምን እንደተባለች አልተናገረችም። መርፌ ለማንም አልነገረችም። ውኃው ግን ቀድሞ ተቀድቷል።

ጠጣችው። «ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያስታወሰችው።

ጥርጣሬዋን ያረጋገጠችው ኀሙስ ዕለት መሳቢያ ስታጸዳ ነው። ሚጢጢ ጀርባቸው ባዶ የሆኑ ወረቀቶችን ለማስታወሻ ትሰበስባለች። ከእነዚያ መካከል የሙከራው ደብዳቤ ነበር። በማስመሪያ የተለኩት መስመሮች ጫፍ ላይ ምንም አልተሰመረም። እርሳሱ ያሰመረው ላይኛው ስም ሥር ነው። ለ፦ ጅራቴ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ተመላልሶበታል። ቀኑ ከትልቁ ደብዳቤ በሁለት ቀን ይቀድማል።

ቃጭሊት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትሳደብ አላማራትም። ብትሳደብ ልጅቱ ምን እንደምትመልስላት ታውቃለች፤ «ጅራት ምን ዐይን አለው ብለሽ ነው?» ብትላት ምን ይባላል። ሁለቱም ያን ቀን እየተረዳዱ ፋይሉን በፊደል ተራ አስተካከሉ። የጎደለ ፋይል የለም።

አርብ ጠዋት ቀድማ ገባችና ማሽኑን ከፈተች። አጫጭሮቹን ስሞች ማጥፋት አለባት፤ መርፌ በጽሑፍ አዝዛለች። እንቅልፌ የሚለውን አጥፍታ በምትኩ ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ ጻፈች። በርሜልን ለወጠች። ነገ-ናን ለወጠች፤ የአባቱን ስም ከመዝገብ ፈልጋ አገኘችው። ጅራቴንና ገመዶን ጨርሳ አጠፋቻቸው። «ኃላፊዎች» የምትለው ውስጥ አንድ ብቻ ቀረች። መርፌ። አመልካቿ አጭሩ ስም ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቃጭሊት እጆቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። እንዲሁ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ሰሌዳውን ዘጋችው።

ሚጢጢ ሦስት ሰዓት ላይ ገባች። አዲስ ሸሚዝ ለብሳለች። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለሉን ስላልነካ ቃጭሊት ጎንበስ ብላ ወንበሩን ዝቅ አደረገችላት። መርፌ በስልክ ደወለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዋ አንድ መሆኗን የሚገልጽ ማስታወሻ ለኃላፊዎች በሙሉ ይላክ፣ አሁኑኑ።

ልጅቱ ጻፈችው። አምስት መስመር ብቻ ነው። ከመላኳ በፊት ግን እጇ አይጧ ላይ እንዳለ ቆመች።

«እትዬ፣ ያንን ዝርዝር አጥፍተሽዋል አይደል?»

«ሙሉ ስማቸውን ጽፌልሻለሁ። ኃላፊዎች የምትለዋን ግን ትቼልሻለሁ፣ ትጠቅምሻለች።»

«ሁሉንም ለውጠሻል?»

«ካላመንሽኝ ክፈቺው።»

ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻት። ትልቁ ደብዳቤ ከሄደ ወዲህ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እጇን ከአይጧ ላይ አነሣች።

«ኧረ አምንሻለሁ፣ እትዬ። ምን ማለትሽ ነው።»

ቃጭሊት ፌስታሏን አነሣች። ውስጡ የቤት ጫማ፣ አንድ መነጽርና ግማሽ ሳሙና አለ። ከቁልፏ ላይ ፕላስተሯን ላጠችና ጣቷ ላይ ለጠፈቻት። ሚጢጢ ተነሥታ አቀፈቻት፤ ቁመቷ ደረቷ ድረስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተንሰቀሰቀች። ቃጭሊት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። እንደ ድሮዋ ልጅ ሸተተቻት።

ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ «አንዲት ነገር ረስቻለሁ» ማለት ትችላለች። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቱ ኪራይ ቤት ያለች እኅት አላት። መርፌ ሁለተኛ ጊዜ ስሟን ከደብዳቤ ራስ ላይ ካየች ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ቃጭሊት ወደ ላይ አየች። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። ጉልበቷ ደግሞ ከበጋ ጀምሮ እንደቆረጠማት ነው። ማን ለማን ብሎ ተመልሷል። ትልቋ ያን ጊዜ ተመልሳ ነበር? ፌስታሉን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችና ወረደች።

ቤት ስትደርስ ገና አምስት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ቤቷን አይታው አታውቅም፤ ፀሐዩ በማይገባበት በኩል ገብቷል፣ ወለሉ ላይ ያለው ቆሻሻ ሁሉ ይታያል። ባሏ በሩ ሲከፈት አልጠበቀምና ደነገጠ።

«አስወጡሽ?»

«ወንበሩን አስረከብኩ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

ከራሷ እስከ እግሯ አያት። ከዚያ ፊቱ እየፈካ ሄደ፤ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን የዋለ ሰው ፊት ነው። ማንኪያውን አነሣና ብርጭቆውን መታ። ቅጭል።

«ውኃ» አላት።

ውኃውን ልትቀዳ ስትነሣ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አውጥታ አየችው። የሦስተኛው ፎቅ ቁጥር ነው፣ የክፍሏ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ስልክ። በእጇ ውስጥ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ወዲያው እንደገና ጀመረ።

«አንሺው እንጂ፣ ሰው ይፈልግሻል» አላት ባሏ።

«አንተ ቀድመሃል» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ ብርጭቆውን ተቀበለችው። ከኋላዋ ሲጮህ ቆየ። ማሰሮው ዘንድ ደርሳ ውኃውን ቀስ ብላ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ሞላችው።